የመጪውን ሴሚስተር ኮርሶች እንዴት እናቅድ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎች

የምዝገባ ሳምንት በደረሰ ቁጥር፣ አማካሪ መምህር ሆኜ ከምቀመጥበት ጠረጴዛ ፊት ከሚቆሙት ተማሪዎች አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያነሡት ስለ ሰዓት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍት ይሆን እንደሆነ፣ የጠዋቱ 2፡00 ክፍል ወደ 4፡00 ይዛወር እንደሆነ፣ ላቡ ከየትኛው ሴክሽን ጋር እንደተመደበ ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ተራው የመጨረሻ ነው። ከእሱ አስቀድሞ መልስ ማግኘት ያለባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ አንደኛው በዚህ ሴሚስተር ሳይወሰድ ቢቀር ዓመት የሚያስከፍለው ኮርስ የትኛው ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለፈው ውጤት ሲታይ ምን ያህል ክሬዲት መሸከም ይቻላል የሚለው ነው። ይህን ቅደም ተከተል ጠብቆ ያቀደ ተማሪ የሰዓቱ ጉዳይ በግማሽ ቀን ያልቅለታል፤ ከሰዓት የጀመረው ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የማስተካከያ ፎርም ይዞ ተመልሶ ይመጣል።

በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የክፍል ፕሮግራም የሚያወጣው የትምህርት ክፍሉ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ ተለጥፎ ከወጣ በኋላ ተማሪው የሚያቅደው ነገር ያለ የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ምንም ኮርስ ሳይወድቅበት ከባቹ ጋር እኩል ለሚጓዝ ተማሪ ይህ አባባል በከፊል እውነት አለው፤ ለእሱ የሚቀረው ምርጫ ኢሌክቲቭ ኮርሱና ከክፍል ውጪ ያለው ሰዓቱ ብቻ ነው። አንድ ኮርስ ኤፍ ላመጣ፣ ሴሚስተር አቋርጦ በሪአድሚሽን ለተመለሰ፣ ከሌላ ተቋም ተዛውሮ ለመጣ፣ ወይም በሥራ ላይ ሆኖ በኤክስቴንሽን ለሚማር ሰው ግን የተለጠፈው ፕሮግራም የራሱ ዕቅድ ሊሆን አይችልም። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ለእነዚህ ተማሪዎች ነው።

ከምዝገባው ቀን በፊት

ለዕቅዱ አራት ወረቀቶች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም የትምህርት ክፍሉ ካሪኩለም ውስጥ ያለው የኮርስ ብሬክዳውን (በየሴሚስተሩ የሚወሰዱ ኮርሶች ዝርዝር)፣ እስካሁን ያለው ሙሉ የውጤት መግለጫ፣ የዓመቱ የትምህርት ካሌንደርና ስለ ምዝገባ፣ ስለ ድጋሚ ኮርስ፣ ስለ ማስጠንቀቂያና ስለ ስንብት የሚናገረው የሴኔት ደንብ ክፍል ናቸው። የመጨረሻውን የሚያነብ ተማሪ በጣም ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በአንድ ሴሚስተር የሚፈቀደው ትንሹና ትልቁ ክሬዲት፣ የተደገመ ኮርስ ውጤት የሚቆጠርበት መንገድ፣ ኮርስ ለመጨመርና ለመተው የተሰጠው ቀን ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው። ዶርም ውስጥ የሚነገረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ተቋም ወይም የተሻረ ደንብ ነው።

ብሬክዳውኑን በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መያዝ ያለባችሁ እናንተ የገባችሁበትን ዓመት ባች የሚመለከተውን ነው። ካሪኩለም ሲሻሻል የኮርስ ኮድ ይቀየራል፣ ሁለት ኮርሶች ወደ አንድ ይጠቃለላሉ፣ ባለ 4 ክሬዲት የነበረው ባለ 3 ይሆናል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ትምህርታቸው ተቋርጦ ቆይተው የተመለሱ፣ ከዚያም ወዲህ በሕመም ወይም በቤተሰብ ችግር ዓመት ያለፋቸው ተማሪዎች ይህን ከማንም በላይ ሊያጣሩ ይገባል፤ ሲመለሱ የሚቀላቀሉት ባች የሚማረው ከቀድሞው ባቻቸው ጋር በኮድም በይዘትም አንድ ላይሆን ይችላልና። አቻነቱን ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በቃል ብቻ ሰምቶ መሄድ አይበቃም። "ይህ ኮርስ በዚያ ይተካል" የሚል ፊርማ ያለበት ወረቀት ተሠርቶ ወደ ሬጅስትራር ፋይል መግባት አለበት፤ ያ ሳይሆን ቀርቶ በምርቃት ዋዜማ አንድ ኮርስ ጎድሎባችኋል የተባሉ ተማሪዎችን አይቻለሁ።

ሰንሰለቱን በወረቀት ላይ ማውጣት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ያለው የደብተር ወረቀት ውሰዱና የቀሩአችሁን ኮርሶች በሙሉ በየሴሚስተሩ አምድ ሥር ጻፉ። ከዚያም ቅድመ ሁኔታ፣ ማለትም ፕሪሪኩዚት ካለው ኮርስ ወደ ቅድመ ሁኔታው ቀስት አስምሩ። በኢንጂነሪንግ አፕላይድ ማቲማቲክስ 1 ለአፕላይድ 2፣ አፕላይድ 2 ለአፕላይድ 3 በር ይከፍታል፤ ከአፕላይድ 3 በኋላም እንደየትምህርት ክፍሉ ሌሎች ይከተላሉ። ስታቲክስ ሳያልፉ ዳይናሚክስ መግባት አይቻልም። በአካውንቲንግም ፕሪንሲፕልስ 1 እና 2፣ ቀጥሎ ኢንተርሚዲየት፣ ቀጥሎ አድቫንስድ እየተባለ ይሄዳል። ቀስቶቹን ስትጨርሱ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ረጃጅም ሰንሰለቶችና ከማንም ጋር ያልተያያዙ ብዙ ብቸኛ ኮርሶች ይታዩአችኋል።

ቀጥሎ ከየኮርሱ አጠገብ ከእሱ በኋላ ስንት ኮርስ እንደተንጠለጠለ በቁጥር ጻፉ። በመጨረሻም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈቱትን በቀይ አክብቡ። በእኛ አሠራር አብዛኛው የሜጀር ኮርስ የሚከፈተው ባቹ ተራው ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ቀዩ ክብ ብዙ ይሆናል፤ አትደንግጡ። የምትፈልጉት ቀይ ክብም ትልቅ ቁጥርም ያለበትን ነው። ለዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ቦታ የሚያዝለት እሱ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ዙሪያ ይደረደራል።

ይህን ሥራ በቅርብ እንየው። በሁለተኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ያለች አንዲት የኢንጂነሪንግ ተማሪ አፕላይድ 1 ኤፍ ሆኖባት፣ አንድ የኮመን ኮርስም ወድቃ፣ ሁለቱንም መድገም ያለባት ሆና መጣች። የኮመን ኮርሱ በዚያ ሴሚስተር ለአዲሶቹ ተማሪዎች እየተሰጠ ነበር፣ ሰዓቱም ይመቻታል፤ አፕላይድ 1 ደግሞ የተገኘው በሌላ ትምህርት ክፍል ብቻ ሆኖ ከራሷ ባች አንድ ኮርስ ጋር በሳምንት አንድ ቀን ይጋጫል። በሐሳቧ የኮመን ኮርሱን አሁን ወስዳ አፕላይድ 1ን ለሚቀጥለው ልታስተላልፍ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስናወጣው ከኮመን ኮርሱ በኋላ የተንጠለጠለ ኮርስ ዜሮ ሆነ፤ ከአፕላይድ 1 በኋላ ግን በቀጥታም በተዘዋዋሪም አምስት ኮርሶች ተቆጠሩ፤ ከእነሱም ሦስቱ በዓመት አንዴ የሚከፈቱ ነበሩ። የኮመን ኮርሱ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም ይጠብቃታል። ውሳኔው የተገለበጠው እኔ ስለመከርኳት ሳይሆን ቁጥሮቹን ራሷ በእስክሪብቶዋ ስለጻፈቻቸው ነው። የሚጋጨውን አንድ ሰዓትም ከመምህሩ ጋር ተነጋግራ በሌላ ሴክሽን እንድትከታተል ተፈቀደላት።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ በዚህ ስሕተት አንድ ዓመት አጥቻለሁ። በሦስተኛ ዓመቴ ባለ 3 ክሬዲት የሆነ አንድ ኮርስ ከሌሎቹ ጋር ሲደመር ከበደኝና በድሮፕ ተውኩት። በቀጣዩ ሴሚስተር አልተከፈተም፤ በዓመቱ ሲከፈት ደግሞ ከአራተኛ ዓመት ሁለት ኮርሶች ጋር ተጋጨ። አብረውኝ የገቡት ልጆች ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እኔ የዚያን ኮርስ ሚድ እያጠናሁ ነበር። ማንም አልበደለኝም፤ ብሬክዳውኑ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ በእጄ ነበር፤ አላየሁትም። ስለዚህ ጉዳይ ደጋግሜ የምናገረው ከዚያ የተነሣ ነው።

ሸክሙን መመዘን

ሰንሰለቱ ምን መቅደም እንዳለበት ከነገራችሁ በኋላ፣ ምን ያህል መጨመር እንደሚቻል የሚነግራችሁ ውጤታችሁ ነው። እዚህ ላይ በግምት ከመሄድ አንድ ገጽ ሒሳብ መሥራት ይሻላል። ለምሳሌ እስካሁን 34 ክሬዲት አወር ወስዶ በድምሩ 70 ነጥብ ያገኘ ተማሪ አጠቃላይ አማካዩ 2.06 ነው። በመጪው ሴሚስተር 18 ክሬዲት ቢመዘገብ ድምሩ 52 ክሬዲት ይሆናል። አማካዩን ወደ 2.50 ለማድረስ በጠቅላላው 130 ነጥብ ስለሚያስፈልገው፣ ከ18ቱ ክሬዲት 60 ነጥብ፣ ማለትም የሴሚስተር አማካይ 3.33 ማምጣት ይኖርበታል። ከመመረቂያው 2.00 በታች ላለመውረድ ብቻ ከሆነ ግን 34 ነጥብ፣ ማለትም 1.89 ይበቃዋል። በ1.89 እና በ3.33 መካከል ያለውን ርቀት አይቶ "እኔ ባለፉት ሁለት ሴሚስተሮች ያመጣሁት ስንት ነው?" ብሎ የጠየቀ ተማሪ፣ ሁለት ድጋሚ ኮርስ ልጨምር ወይስ አንድ የሚለውን ጥያቄ በእውነት ላይ ተመሥርቶ ይመልሳል።

ክሬዲት እንደሚዛን መሆኑንም አትርሱ። ባለ 4 ክሬዲቱን ኮርስ ከሲ ወደ ቢ ማሳደግ 4 ነጥብ ይጨምራል፤ ባለ 2 ክሬዲቱን ከሲ ወደ ኤ ማሳደግም ያው 4 ነጥብ ነው። የመጀመሪያው አንድ እርከን፣ ሁለተኛው ሁለት እርከን መውጣት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ተማሪዎች ቀለል ስለሚላቸው ብቻ ባለ 2 ክሬዲቱ ላይ ሌሊቱን ያሳልፋሉ።

የክሬዲት አወር ቁጥር ግን ክፍል ውስጥ የሚያልፈውን ሰዓት በትክክል አያሳይም። ባለ 3 ክሬዲት የሆነ ኮርስ በሳምንት 2 ሰዓት ሌክቸርና 3 ሰዓት ላብ ቢኖረው የሚወስደው 5 ሰዓት ነው፤ የላብ ሪፖርቱን መጻፊያ ሳንቆጥር። ካሪኩለሙ በኢሲቲኤስ የተዘጋጀ ከሆነ ስሌቱ የበለጠ ግልጽ ነው። በአገራችን 1 ኢሲቲኤስ በብዛት የ27 ሰዓት የተማሪ ሥራ ተብሎ ይሰላል፤ ይህም ክፍሉን፣ ላቡን፣ ጥናቱንና አሳይመንቱን ሁሉ ያካትታል። ስለዚህ 30 ኢሲቲኤስ የሆነ ሴሚስተር 810 ሰዓት ነው፤ ለ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት ከ50 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መሆኑ ነው። አንድ ባለ 5 ኢሲቲኤስ ድጋሚ ኮርስ መጨመር በዚህ ላይ ከ8 ሰዓት በላይ፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ያክላል። ሰባተኛ ቀን ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ፎርሙን መፈረም አይገባም።

ቁጥሩ ልክ ሆኖም ቅልቅሉ ሊከብድ ይችላል። ሦስት የላብ ሪፖርት ያለባቸው ኮርሶች በአንድ ሴሚስተር፣ ወይም ሁለት የድሮዊንግ ሥራ ያለባቸው ኮርሶች በአንድ ሳምንት ሲደራረቡ ተማሪው ጎበዝ ቢሆንም ጊዜው ይሸነፋል። ድጋሚ ወይም ኢሌክቲቭ ኮርስ ስትመርጡ ባቹ በዚያ ሴሚስተር የሚወስደው በአብዛኛው ስሌት ከሆነ የንባብ ኮርስ፣ በአብዛኛው ንባብ ከሆነ የስሌት ኮርስ ጨምሩበት። ኮርስ አውትላይኑን ቀደም ካሉ ባቾች ተቀብሎ ፕሮጀክቱ፣ ሚዱና ፋይናሉ ስንት ስንት በመቶ እንደሚይዙ ማየት ለዚህ ይረዳል።

ስለ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች የምለው ጥቂት ነው። የመጀመሪያው ዓመት ኮመን ኮርሶች፣ ማለትም ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛና የመሳሰሉት ለሁሉም የተወሰኑ ስለሆኑ ምርጫ የለም። ነገር ግን ትምህርት ክፍል የሚመደበው በዚያ ዓመት ውጤት ጭምር ስለሆነ "ኮመን ነው፣ ያልፋል" እየተባለ የሚነገረውን አትስሙ።

ኮርሶች ሲጋጩ

ክላሽ ሲገጥም ብዙው ተማሪ ወዲያው ከሁለቱ አንዱን ይተዋል። ከመተው በፊት ግን የሚሞከሩ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ያው ኮርስ ለሌላ ሴክሽን በሌላ ሰዓት እየተሰጠ መሆኑን ማየት ነው። ሁለተኛው እንደ ስታቲስቲክስና አፕላይድ ማቲማቲክስ ያሉ ኮርሶች ለብዙ ትምህርት ክፍሎች ስለሚሰጡ፣ ኮዱና ክሬዲቱ እኩል መሆኑን አረጋግጦ ከሌላ ትምህርት ክፍል ጋር መማር ነው። ሦስተኛው የክፍል ተጠሪውን ይዞ መምህሩን ማነጋገር ነው፤ ፕሮግራሙ በተለጠፈ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰዓት ማዛወር የሚቻልበት ዕድል አለ፣ በሦስተኛው ሳምንት ግን የመማሪያ ክፍሎቹ ሁሉ ስለሚያዙ አይቻልም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ቀደም ሲል ያወጣችሁት ወረቀት ነው። ትንሽ ቁጥር ያለው ይቀራል። ሁለቱንም ተመዝግቦ አንዱን ሳይከታተሉ "በወረቀት አልፈዋለሁ" ማለት ግን አደገኛ ነው፤ በክትትል ማነስ ፈተና መከልከል አለ፣ ከዚያም በላይ የሌክቸር ሰዓታቸው የተጋጨ ኮርሶች ሚዳቸውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይጋጫል። የሌክቸሩ ክላሽ ከፕሮግራሙ ላይ ይታያል፤ የፈተናው ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ አይታይም። ስለዚህ ከሌላ ባች ጋር ኮርስ የምትወስዱ ከሆነ የፋይናል ፕሮግራሙ ረቂቅ ሲወጣ መጀመሪያ የምታዩት እናንተ ሁኑ።

ኮርስ የመጨመርና የመተው ጉዳይ በፊርማ እንጂ በቃል አያልቅም። መምህሩን "ትቼዋለሁ" ብሎ ክፍል መቅረት መተው አይደለም፤ ስሙ በሬጅስትራር ዝርዝር ውስጥ ስላለ መጨረሻ ላይ ኤፍ ወይም ያልተሟላ ውጤት ይመዘገባል። በተቃራኒው ሳይመዘገቡ ሴሚስተሩን ሙሉ ተከታትሎ፣ ተፈትኖ፣ ውጤት የሚገባበት መስመር ያጣ ተማሪም አለ፤ ይህ ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው፣ ድካሙ ሁሉ ተከፍሎ ስሙ የለምና። የምዝገባ ስሊፑ በእጃችሁ ሲገባ ከመስኮቱ ሳትርቁ መታወቂያ ቁጥሩን፣ የየኮርሱን ኮድ፣ ክሬዲቱንና ሴክሽኑን በጣታችሁ እየተከተላችሁ አንብቡ። የአንድ ፊደል ወይም የአንድ አኃዝ ስሕተት የሌላ ኮርስ ኮድ ሊሆን ይችላል። ካነበባችሁ በኋላ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ ዋናውንም ውጤቱ እስኪገባ አትጣሉት።

ሰዓቱ

አሁን የሰዓት ተራ ደርሷል። ሌላ የደብተር ወረቀት ላይ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ከጠዋቱ 12፡00 እስከ ምሽቱ 4፡00 ያለውን ሠንጠረዥ ሥሩ። መጀመሪያ የማይነቃነቁትን አስገቡ፤ ክፍል፣ ላብ፣ ምግብ፣ ጸሎትና ሶላት፣ እንቅልፍ። ካፌ የምትመገቡ ከሆነ ምሳ የሚዘጋበትን ሰዓት ጻፉ፤ እስከ 6፡30 የሚዘልቅ ክፍል ያለባችሁ ቀን ላይ ምን እንደምታደርጉ ካልወሰናችሁ የዚያ ቀን ከሰዓት ጥናት በረሀብ ይበላል። ዓርብ ለጁምዓ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚዘጉ፣ የሬጅስትራር ጉዳያችሁንም ለዚያ ሰዓት አታድርጉት።

የቀረው ባዶ ቦታ የጥናት ነው፤ እሱም እኩል አይደለም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጠዋቷ ቀዝቃዛ ነው፤ የጦሳ ተራራ በጉም በተሸፈነበት ማለዳ ከብርድ ልብስ ወጥቶ ላይብረሪ መድረስ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ማለዳዋ ለጥናት የተመቸ ሲሆን፣ የሚከብደው ከምሳ በኋላ ያለው ሙቀት ነው። ስለዚህ ለኮምቦልቻ ተማሪ ከባዱን የስሌት ኮርስ ከክፍል በፊት ላለው የጠዋት ሰዓት፣ ለደሴ ተማሪ ደግሞ ረፋድና ከሰዓት ላለው ክፍት ሰዓት እንዲመድቡት እመክራለሁ። ምሽቱን መብራት ሊጠፋ እንደሚችል ታሳቢ አድርጋችሁ በኮምፒዩተር የሚሠራ ሥራ ለምሽት ብቻ አታስቀምጡ።

በወሎ ስንኖር ጾሙ የካሌንደሩ አካል ነው፤ ዕቅድም ይህን ማወቅ አለበት። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ አምና የነበረበትን ሳምንት ይዞ ማቀድ አያስኬድም። በ2018 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም በየካቲት ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ አብረው ገብተው፣ በአንድ ዶርም አንዱ ለሱሑር ሲነሣ ሌላው ለኪዳን የሚነሣበት ወቅት ነበር። በእነዚህ ሳምንታት ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያለው ጉልበት ይቀንሳል፤ ተራዊሕ ያለበት ምሽትም ያጥራል። የሚበጀው የጥናቱን ሰዓት ወደ ማለዳ ማምጣት፣ ለምሳሌ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተመልሶ ከመተኛት ይልቅ ሁለት ሰዓት መሥራትና ከ7፡30 እስከ 9፡00 ማረፍ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ካሌንደሩን ከፍቶ የሚድ ፈተና ሳምንት ከጾሙ ጋር ይገጥም እንደሆነ ማየት ይገባል፤ ከገጠመ ለዚያ ሳምንት የታሰበው ንባብ ከጾሙ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት ላይ ይከፋፈል።

በደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ፣ ወይም በኮምቦልቻ እየኖሩ ደሴ ለሚማሩ ደግሞ መንገዱ ራሱ ኮርስ ያህል ሰዓት ይወስዳል። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሚኒባሱ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ በመንገዱ ላይ ባለው በሐረጎ ተራራ ጉም ሲወርድ ደግሞ ሹፌሩ በእግር ሰው ፍጥነት ቢሄድ ትክክል ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ክፍል ላለበት ቀን መመላለስ ጊዜውንም የትራንስፖርት ገንዘቡንም ያባክናል። ሴክሽን የመምረጥ ዕድል ካገኛችሁ ክፍሎቹ በሦስት ወይም በአራት ቀን የተሰበሰቡበትን ውሰዱ፤ ካላገኛችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ያለበትን ቀን የላይብረሪ ቀን አድርጉት።

በሥራ ላይ ሆነው በኤክስቴንሽን ወይም ቅዳሜና እሑድ ለሚማሩ የምለው ከሁሉ ይለያል። በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጀምሮ በከተማዋ ፋብሪካዎች በፈረቃ የሚሠሩ ተማሪዎች አሉን፤ ፈረቃው በየሳምንቱ ሲዞር ፕሮግራሙ ግን አይዞርም። ስለዚህ ምዝገባ ከመፈጸማችሁ በፊት የሚጠበቀውን የክፍል ፕሮግራም ይዛችሁ የሥራ ኃላፊያችሁን አነጋግሩ፤ ፈረቃ መቀያየር የሚቻል ከሆነም ከማን ጋር እንደምትቀያየሩ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የሌሊት ፈረቃ አድሮ የሚመጣ ሰው የጠዋት ሌክቸር ቢገባም አይሰማውም፤ ለእሱ አንድ ኮርስ ቀንሶ ሦስቱን በደንብ ማለፍ አራት ወስዶ ሁለቱን ከመድገም ይሻላል። የክፍያውም ጉዳይ አለ፤ ድጋሚ ኮርስ እንደገና ይከፈልበታልና።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ አንድ ያልተጻፈ ኮርስ እንዳለባቸው ይቁጠሩት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ከ100 ቢያንስ 50 ሳያመጡ ዲግሪ አይሰጥም፤ ፈተናውም ባለፉት ዓመታት ከተማራችኋቸው የሜጀር ኮርሶች የተመረጡትን ያጠቃልላል። ስለዚህ በመጨረሻው ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ በሠንጠረዡ ውስጥ በሳምንት ሁለት የተወሰኑ ክፍተቶች፣ ለምሳሌ ማክሰኞ ምሽትና ቅዳሜ ጠዋት፣ ለአሮጌ ደብተሮች ይከለሉ። ድጋሚ ኮርሶችን ሁሉ ወደዚያ ዓመት ማንከባለል የሚጎዳውም ለዚህ ነው፤ ሲኒየር ፕሮጀክቱ፣ የመውጫ ፈተናውና የወደቀው ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ይገናኛሉ።

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ሁለቱን ወረቀቶች አውጥታችሁ እንደገና ተመልከቷቸው። በዚያን ጊዜ የየመምህሩን አሰጣጥ፣ የላቡን ብዛትና የራሳችሁን ድካም ታውቃላችሁ። ከጻፋችሁት የጥናት ሰዓት ግማሹን እንኳ ካልተጠቀማችሁበት ሰዓቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሩት። አንድ ኮርስ ከአቅም በላይ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ካሌንደሩ ላይ የመተውና የማቋረጥ የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ አይታችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ የሰንሰለቱን ወረቀት ይዛችሁ ወደ አማካሪያችሁ ሂዱ። ባዶ እጁን ለመጣ ተማሪ አማካሪው የሚሰጠው አጠቃላይ ምክር ነው፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከአንዱ ቀይ ክብ ላይ ጣቱን አሳርፎ ለሚጠይቅ ግን ለዚያ ኮርስ የሚሆን መልስ ይሰጠዋል።